የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወሸባ ገባ፣ ታሰረ፣ ተጋዘ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን ሁሉም የጠየቁን ሰው ከሰው ተለይቶ፣ በአንድ ቦታ ተወስኖ ስለሚቀመጥባቸው ቃላት ነው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ቃሉ በሰው ጤና ወይም ነፃነት ላይ ሲያርፍ አሳጥሮ ማለፍ አልሆነልንም።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ስለ ተላላፊ በሽታ በጤና ኬላችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። አያቴ «ወሸባ» የሚሉት መድኃኒት ነው፤ «እገሌ ወሸባ ጠጣ ይባል ነበር» ይላሉ። እኔ ግን ቃሉን የሰማሁት በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ነው፤ ያኔ ለ14 ቀን ተለይቶ መቀመጥ ማለት ነው ተብለን ነበር። የትኛው ነው ትክክል? «ወሸባ» ብዬ ልጻፍ ወይስ «ውሸባ»? ከ«ለይቶ ማቆያ» ጋርስ አንድ ነው? (ከሞጣ)

መልስ፦ አያትዎም ልክ ናቸው፣ በ2012 የሰሙትም ልክ ነው። ቃሉ ከመድኃኒቱ ተነሥቶ ወደ መቀመጡ ተሻግሯል። በዓረብኛ «ዑሽባ» ዕፅ ማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ሳርሳፓሪላ የሚባል የሐረግ ሥር በነጋዴ እጅ ወደ አገራችን ይገባ ነበር፤ የሚፈለገውም ለቂጥኝ ነው። በሽተኛው ሥሩን አፍልቶ እየጠጣ፣ ምግቡ ተመጥኖ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ተከልሎ፣ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። «ወሸባ ጠጣ» የሚለው ስለ ሥሩ ይናገራል፤ «ወሸባ ገባ» የሚለው ደግሞ ስለ መቀመጡ። ሥሩ ከገበያ ሲጠፋ ስሙ ከመቀመጡ ጋር ቀረ።

እንዲህ ያለ መሻገር በአማርኛ እንግዳ አይደለም። ኮሶን ያስቡ። ኮሶ ዛፉ ነው፣ ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒትም ኮሶ ነው፣ በሆድ ያለው ትልም ኮሶ ነው። «ኮሶ አለብኝ» ያለና «ኮሶ ጠጣሁ» ያለ ሁለት የተለያየ ነገር ተናግረዋል፤ ማንም ግን አይደናገርም። (ማስታወቂያዎን የሚያነቡ አረጋውያን ቂጥኝን ካነሡብዎ መልሱ አንድ ነው፦ ዛሬ ቂጥኝ የሚድነው በጤና ተቋም በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ሥር አፍልቶ መጠጣት ሕመሙን ከማስረዘም በቀር አይፈይድም።)

አጻጻፉን በተመለከተ «ወሸባ»ም «ውሸባ»ም በኅትመት ይገኛሉ። «ውሸባ» ለዓረብኛው መነሻ ይቀርባል። እኛ ግን «ወሸባ» እንዲሉ እንመክራለን፤ አያትዎ የሚሉት እሱ ነውና፣ ማስታወቂያውም ከሁሉ በፊት ለሳቸው መድረስ አለበት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይጽኑ። «ዉሸባ» ብለው ግን አይጻፉ፤ «ውኃ»ን «ዉኃ» ብሎ እንደ መጻፍ ያለ ስሕተት ነው፤ በንግግር የሚሰማው ሳድሱ «ው» እንጂ ካዕቡ «ዉ» አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ወሸባ»፣ «ለይቶ ማቆያ» እና «ለይቶ ማከሚያ» ሦስት ነገሮች ናቸው። ወሸባ ሰውዬው የሚገባበት ሁኔታ ነው፤ በገዛ ቤቱም ሊሆን ይችላል። ለይቶ ማቆያ ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም አዳራሽ ለዚህ ሥራ ሲመደብ የሚሰጠው ስም ነው። በሁለቱም ያለው ሰው አልታመመም፤ ወይም መታመሙ ገና አልታወቀም፤ ለበሽታው ግን ተጋልጧል። ለይቶ ማከሚያ ደግሞ መታመሙ የታወቀ ሰው የሚተኛበት ነው። ሦስቱን መቀላቀል የሚያስከትለው ጉዳት የሰዋስው ብቻ አይደለም። ማስታወቂያው «የታመመ ሰው ወሸባ ይግባ» ካለ፣ ያልታመመው ግን የተጋለጠው ጎረቤት «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ገበያ ይወጣል። ወሸባ የተፈለገው ግን በትክክል ለዚህ ሰው ነው።

ከቃሉ ጋር የሚሄዱት ግሦች «ገባ»፣ «ተቀመጠ»፣ «ጨረሰ»፣ «ወጣ» ናቸው፤ ሌላው ሲያደርገው «አስገባ»። «ወሸባ ተደረገ» አይባልም። ከሁሉ በላይ «ታሰረ» እንዳይሉ። ሰው እስር የመሰለውን ይሸሻል፤ ከማን ጋር እንደ ዋለም ይደብቃል። አራስንም በዚህ ቃል አይጥሩ። አራስ «አራስ ቤት» ነው ያለችው፤ ወንድ ከወለደች እስከ 40፣ ሴት ከወለደች እስከ 80 ቀን የሚቆየው ሥርዓት የክርስትና ቀን ይጠብቃል እንጂ ከበሽታ ጋር አይያያዝም። ከ40 ጋር የተያያዘው ሌላው ቃል «ኳራንቲን» ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1377 ራጉዛ የተባለችው የአድርያቲክ ባሕር ወደብ በሽታ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ለ30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች፤ ኋላ ቀኑ ወደ 40 አደገ፤ ስሙም «አርባ» ከሚለው የጣሊያን ቃል ወጣ።

የቀን አቆጣጠሩን በማስታወቂያዎ ላይ በምሳሌ ያሳዩ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው ወሸባ ከገቡበት ቀን ሳይሆን ከታመመው ሰው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ከተገናኙበት ቀን ማግስት ነው። ለምሳሌ የመጨረሻው ግንኙነት መጋቢት 4 ከሆነ መጋቢት 5 አንደኛው ቀን ነው፤ አሥራ አራተኛው መጋቢት 18 ይሆናል፤ ሰውዬው የሚወጣው መጋቢት 19 ነው። በመካከል ከታመመው ሰው ጋር እንደገና አንድ ማዕድ ከቀረበ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። 14 ቀን የዚያን ጊዜ ቁጥር ነው፤ በሽታው ሲለይ ቀኑም ይለያልና ቁጥሩን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይሙሉ።

የማስታወቂያው ቃል እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ከታመመ ሰው ጋር አንድ ቤት ያደረ ወይም ያስታመመ ሁሉ፣ ሕመም ባይሰማውም ወሸባ ይግባ። ብቻውን ይተኛ፤ ሳህንና ኩባያ ይለይ፤ ምግቡ በር ላይ ይቀመጥለት። ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ከጀመረው ከቤት ሳይወጣ ለጤና ኬላው ይላክ።» አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ወሸባ በቤት አይሆንም። ያን ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ያምጡና ቦታው የት እንደ ሆነ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍሁ እተዳደራለሁ። አንድ ዳኛ «ማረፊያ ቤት እና ማረሚያ ቤት አንድ አይደለም፣ እስር እና እስራትም አንድ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ልዩነቱን በደንብ አስረዱኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ዳኛው ልክ ናቸው፤ ልዩነቱም የደንበኞችዎን ጉዳይ የሚነካ ነው።

አንድ ሰው መጀመሪያ ይያዛል። በዚህ ጊዜ ስሙ «ተጠርጣሪ» ነው፤ ያለበትም የፖሊስ ጣቢያው «ማረፊያ ቤት» ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የመንገድ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራው አላለቀልኝም ካለ «የጊዜ ቀጠሮ» ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ክስ ሲመሠረት ሰውዬው «ተከሳሽ» ይሆናል። ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት «ፍርደኛ» ነው፤ ማረሚያ ቤት ሲገባ «ታራሚ» ይባላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋስትና የተከለከለ ተከሳሽ ፍርዱን ማረሚያ ቤት ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ «ማረሚያ ቤት ነው ያለው» ማለት «ተፈርዶበታል» ማለት አይደለም። በማመልከቻዎ «በቀጠሮ ላይ የሚገኝ ተከሳሽ» ብለው ይለዩ። ያልተፈረደበትን ሰው «ታራሚ» ብሎ መጻፍ በገዛ ብዕርዎ እንደ መፍረድ ነው።

«እስር» ሁኔታው ነው፤ «እስራት» ቅጣቱ ነው። «በእስር ላይ ይገኛል» ያልተፈረደበትንም ይመለከታል። «በእስራት ተቀጣ» ግን ፍርድ የተሰጠበትን ብቻ ነው። «ልጄ ያለ ፍርድ በእስራት ተቀጥቶ» ተብሎ ሲጻፍ ዳኛው የፍርዱን ግልባጭ ይጠይቃል፤ ግልባጭ የለም፤ ጉዳዩም ይጓተታል።

እስራት ራሱ ሁለት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 106 መሠረት «ቀላል እስራት» ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ሕጉ በሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። በአንቀጽ 108 «ጽኑ እስራት» ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ካለ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ ሁለቱ ይደራረባሉ። የ2 ዓመት ፍርድ ቀላልም ጽኑም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያደርጉት «2 ዓመት እስራት ተፈረደበት» ብለው አይተዉ፤ ዓይነቱን ከውሳኔው ላይ አይተው ይጻፉ። ጽኑ የሚሰጠው ለከባድ ወንጀል ነው፤ አያያዙም ይጠብቃል።

ተይዞ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ካለ የሚጻፈው «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» ነው፤ መሠረቱ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ነው። ከአቤቱታው ጋር የመሐላ ቃል ይያያዛል፤ በእሱም ላይ ሦስት ነገር መኖር አለበት፦ ሰውዬውን የያዘው ማን እንደ ሆነ፣ የተያዘበት ሁኔታና ቦታ፣ ነገሩን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች ካሉ ስማቸው። የተያዘው ራሱ መማል ካልቻለ ዘመድ በስሙ ሊምልለት ይችላል፤ ግን ራሱ ያልቻለ መሆኑ መገለጽ አለበት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እናት መጥታ «ልጄን» ስትል የእናትነቷን እንባ ብቻ ጽፈው አይስደዷት፤ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቀበሌ አንድ በአንድ ይጠይቋት። ሰዓቱን «ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ» ማለት ትችላለች፤ ባዶ መተው ግን የለበትም፤ የ48ቱ ሰዓት ሒሳብ የሚነሣው ከዚያ ነው። ቤተሰብ እንዳይጠይቀው ከተከለከለም አንቀጽ 21ን ይጥቀሱ፤ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት መብት የሚሰጠው ይህ አንቀጽ ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ግዞትን፣ ስደትን፣ ምርኮንና እስርን እያቀያየሩ ይጽፋሉ። በምን ምሳሌ ላስተምራቸው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ምሳሌውን ከጎጃም ገዥዎች ታሪክ ያውጡት፤ እዚያው ሞልቷል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተያዙ። ይህ ምርኮ ነው፤ በጦር ሜዳ የተያዘ «ተማረከ» ይባላል እንጂ «ታሰረ» ተብሎ አይጀመርም። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ ማምለጥ እጃቸው አለበት ተብለው ለፍርድ ቀረቡ፤ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ይህ እስራት ነው። ያመለጡት ልጅ ኢያሱ ደግሞ ፍቼ የቆዩት በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ነበር። ከተያዙ በኋላም ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወስደው እዚያው እስከ 1928 ዓ.ም. ቆዩ። ይህ ግዞት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ የነበሩት ግን በስደት ነው።

ግዞትን ከስደት የሚለየው ግሡ ነው። «አጋዘ» ጭኖ ወሰደ ማለት ነው፤ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ይጋዛል። ሰውም ሲጋዝ እንደ ጭነት በሌላ ሰው ፈቃድ ነው የሚሄደው፤ የሚወርድበትንም ቦታ የሚመርጥለት ሌላ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ብዙ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ከፊሎቹም አዚናራ በምትባል ደሴት ተቀመጡ። እነዚህን «ስደተኞች» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ስደተኛ በገዛ እግሩ ይሄዳል፤ ቢገፋም፣ ቢያባርሩትም እግሩ የራሱ ነው።

«የቁም እስር» ከግዞት ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ቦታው ነው። በቁም እስር ያለ ሰው በገዛ ቤቱ ወይም በሚኖርበት ከተማ ይጠበቃል። «የቤት ውስጥ እስር» የሚለው አዲስ አጠራር አስፈላጊ አይደለም፤ «ቁም»ን «የቁም ከብት» እና «የቁም ተስካር» በሚሉት የምናውቀው ነው፤ ተማሪዎች ቶሎ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» ሲባል ቁራኛው የቁራ ዘመድ ነው? ልጄ «እንደ ቁራ ዓይን» ብላ ተርጉማዋለች። (ከቢቸና)

መልስ፦ ከቁራ ጋር ዝምድና የለውም። ቁራኛ ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የታሰረ ሰው ነው። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ ጉዳያቸው ዳኛ ፊት እስኪያልቅ አንዱ ከአንዱ ጋር ይቆራኝ ነበር። ለቀላሉ ነገር የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ፤ ለከባዱ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል። ሲበሉም ሲተኙም አብረው ነው። ስለዚህ ከሳሹም ያን ያህል ቀን ነፃ ሰው አልነበረም፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «ዓይነ ቁራኛ» እጅ በሰንሰለት እንደሚቆራኝ፣ ዓይንን ከሰውዬው ጋር አቆራኝቶ መጠበቅ ነው። አጻጻፉ «በዓይነ ቁራኛ» ነው፤ «በዓይን ቁራኛ» ከተባለ የግእዙ አገባብ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ሰው ተይዞ ገንዘብ ሲጠየቅበት አንዳንዱ «ታሰረ» አንዳንዱ «ተጠለፈ» አንዳንዱ «ታገተ» ይላል። (ከቡሬ)

መልስ፦ «ታገተ» ነው የሚባለው። እገታ ሰውን ይዞ በእሱ ምትክ ሌላ ነገር መጠየቅ ነው፤ ገንዘብም ይሁን ሌላ። ያዡ «አጋች»፣ የተያዘው «ታጋች»፣ የሚጠየቀው «ማስለቀቂያ» ነው። «ማስለቀቂያ»ን «ካሣ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ካሣ ለተበደለ የሚከፈል ነው፤ እዚህ የተበደለው ከፋዩ ነው። «ተጠለፈ» በእኛ አገር በዋናነት ለጋብቻ ተብላ በግድ ለተወሰደች ልጅ ይውላል፤ እሱም በሕግ ከባድ ወንጀል ነው። «ታሰረ» ደግሞ ሕግ አለኝ የሚል አካል ላደረገው ነው። ለፖሊስ ሲያመለክቱ «ዘመዴ ታሰረብኝ» ካሉ መዝጋቢው የትኛው ጣቢያ ብሎ ይጠይቃል፤ «ታገተብኝ» ካሉ ግን የወንጀል አቤቱታ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ጥያቄ፦ ወህኒ፣ ከርቸሌ፣ ዘብጥያ፦ የትኛው ነው አማርኛ? ደግሞስ «እስር» ነው «ዕሥር»? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ «ወህኒ» ከእኛው ምድር የወጣ ነው። ወህኒ አምባ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ንግሥና ሊመኙ የሚችሉ የንጉሥ ዘሮች ተለይተው የሚቀመጡበት፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነበር፤ ከእሱ በፊት ግሸን አምባ ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። «ከርቸሌ» እስር ቤት ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። «ዘብጥያ» ፖሊስንና ጣቢያውን ከሚያመለክተው የዓረብኛና የቱርክ ቃል ነው፤ «ዘብጥያ ወረደ» ሲባል ይሰማል። ሦስቱም ዛሬ አማርኛ ናቸው፤ በመንግሥት ጽሑፍ ግን «ማረሚያ ቤት» ነው የሚባለው። የግእዙን ለሚፈልግ «ቤተ ሞቅሕ» አለለት፤ እስረኛውም «ሙቁሕ» ይባላል፤ በቅኔ ቤት ዛሬም ሕያው ነው።

አጻጻፉ «እስር» ነው፣ በአልፍ እና በእሳቱ ሰ። በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ቁጥሩ «ዐሥር» ነው። «ዐሥር ዓመት እስር» ብለው አንድ ጊዜ ቢጽፉት ልዩነቱ ከእጅዎ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ከእስር «ተፈታ» እና «ተለቀቀ» አንድ ነው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ በዕለት ንግግር ይለዋወጣሉ፤ በጥንቃቄ ሲጻፍ ግን መውጫው እንደ መግቢያው ነው። የታሰረ ይፈታል፤ ገመዱ ወይም እግር ብረቱ ነውና መጀመሪያ የተፈታው። የታገተ ይለቀቃል፤ የተጋዘ ይመለሳል፤ ወሸባ የገባ ይወጣል። በዋስ የወጣ «ተለቀቀ» ቢባል ይሻላል፤ ጉዳዩ አላለቀምና፤ በነፃ የተሰናበተው ግን «ተፈታ»። ሳይፈታ የወጣ «አመለጠ» ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ከታሰሩበት ወጥተው ወደ ጎጃም ሲያቀኑ እንደገና ተይዘው ጥር 1937 ዓ.ም. ተሰቀሉ። እዚህ ላይ «ከእስር ወጡ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል፤ «አመለጡ» ነው ቃሉ።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ «ሱባኤ ገባሁ» እንላለን፤ መነኩሴው ደግሞ «በአቱን ዘጋ» ይባላል። ሁለቱም ራስን መዝጋት ከሆነ ለምን ስሙ ተለየ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሱባኤ የጊዜ ስም ነው፤ በአት የቦታ። ሱባኤ ከ«ሰባት» የወጣ ሲሆን አንዱ ሱባኤ 7 ቀን ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለሚቆጠር «ሁለት ሱባኤ» የሚባለው 14ቱን ቀን ይዞ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። ስለዚህ «የአምስት ቀን ሱባኤ» ማለት አያስኬድም፤ 5 ቀን ከሆነ «ለ5 ቀን በጸሎት ተለየሁ» ይበሉ። ሱባኤ የገባ ሰው በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሆኖ ለቅዳሴ ይወጣል፤ ቆሎውንና ውኃውን ይቀበላል፤ ቀኑ ሲሞላ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአት የመነኩሴው ማደሪያ ነው፤ ዋሻም ጎጆም ሊሆን ይችላል። «በአቱን ዘጋ» የተባለ መነኩሴ የሚከፍትበትን ቀን አልተናገረም። «በአት ገባ» ከተባለ ግን ሌላ ነው፤ ወደ ማደሪያው ተመለሰ ማለት ብቻ ነው፤ ማታ ሊሆን ይችላል። «ዘጋ» የሚለውን ግሥ ካልጨመሩ መለየቱን አልተናገሩም። አጻጻፉም «በአት» በአልፍ ነው፤ ገባ ከሚለው የግእዝ «ቦአ» ይወለዳል፤ «በዓል»ን ለምዶ «በዓት» የሚለው አጻጻፍ በየመጽሐፉ ሾልኮ ገብቷል።